ኑግ የጠጣው ሞተር

ጋራዥ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ የሥራ መሣሪያ እስክሪብቶ ነበር።

ጋራዡ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚያስወጣው መንገድ ዳር ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይጠገንበታል። ከቴክኒክና ሙያ በመካኒክነት ተመርቄ፣ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሼ በጠዋት ደረስሁ። ባለቤቱ ጋሽ በላቸው ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ "ጽሕፈትሽ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደኅና ነው።"

"እንግዲያው ዕቃ ክፍል ግቢ። እነዚህ ሰዎች የወሰዱትን ቢጽፉት እንኳ የሚያነበው የለም።"

የመካኒክነት ዘመኔን በር በመክፈትና በመዝጋት የጀመርሁት እንዲህ ነው። የቅጥር ወረቀቴ "ረዳት መካኒክ" ይላል። የማን ረዳት እንደሆንሁ አይልም።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት ለአቅመ ሔዋን ከደረስሁ በኋላ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሬን በቁመት እበልጠው ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን የዘይትና የቀለም ጣሳዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያቸውን ጭምር አነበብሁ። የጋራዡ ሰዎች ይህን እንደ በሽታ ይቆጥሩት ነበር። ዋናው መካኒክ ሙሉቀን ጠዋት ጠዋት በሰላምታ ፋንታ፣ "አንጓች፣ ጣሳው ዛሬ ምን አለሽ?" ይለኛል።

ሞተር ልፍታ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር ጋሽ በላቸው እምቢ አይሉም። ጨዋ ሰው ናቸው። "ክረምቱ ይውጣ" ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ "ጾሙ ይፈታ" ይላሉ። ብሎን መፍታት ጾም ከመፍታት ጋር ምን እንደሚያገናኘው የሚነግረኝ ሊቅ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አንድ ቀን በጭነት መኪና ላይ፣ በጤፍ ጆንያ መካከል ተጋድሞ አንድ አሮጌ ሞተር ሳይክል ከአማኑኤል ከተማ መጣ። ጣሊያን ሠራሽ ነው፤ ሲሊንደሩ አንድ፣ ዕድሜው ከእኔ በላይ። ባለቤቱ አያ ይሁኔ ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። በዚህ ሞተር ሳይክል ላይ የክትባት ሳጥን አስረው፣ መንገድ ባለበትም በሌለበትም ዞረውበታል። ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን "ድምፁን ልስማው" ብለው አምጥተውታል።

ሙሉቀን በሙሉ ክብደቱ ማስነሻ ፔዳሉ ላይ ቆመ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም።

"ይኼ ሞተር አይደለም፤ ሐውልት ነው" አለ።

ጋሽ በላቸው ጎንበስ ብለው አዩት። "ዝጎ ተጣብቋል። ቴስታታውን አንሡና ፒስተኑን በመዶሻ ምቱት። ከወረደ ወረደ፤ ካልወረደ በኪሎ ይሸጣል።"

አያ ይሁኔ "በኪሎ" አሉ ቀስ ብለው።

ሥራውን የሚፈልገው አልነበረም። ሁሉም ባጃጅ ይዟል፤ ባጃጅ ቶሎ ይወጣል። የጋሽ በላቸው ዓይን ጋራዡን ዞሮ ዞሮ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ አረፈ።

"አንጓች፣ ሞተር ሞተር ስትይ አልነበር? ይኸውልሽ።"

"ከተነሣስ?" አልሁ።

"ሞተር ክፍል ትገቢያለሽ።"

"ካልተነሣስ?"

"ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ። ዕቃ ክፍሉ እንደሆነ ዝናብ አያስገባም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሉቀን ትልቁን መዶሻ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሠርግ ስጦታ አቀረበልኝ። ተቀብዬ ከጎኔ አስቀመጥሁት።

መጀመሪያ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ ፈታሁና በስልኬ መብራት ወደ ቀዳዳው አየሁ። ዝገት ቀይ ነው፤ ዱቄት ይመስላል። ውስጥ ያየሁት ግን ቢጫና የሚያብረቀርቅ ነበር፤ ቫርኒሽ የተቀባ የሳሎን ጠረጴዛ ይመስላል። ሞተር ውስጥ ጠረጴዛ እንደማይኖር ተምሬያለሁ።

አያ ይሁኔ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል።

"አያ ይሁኔ፣ ሲያቆሙት ምን አድርገውለት ነበር?" አልሁ።

ወደ ጋሽ በላቸው አዩና "ምንም" አሉ።

ጋሽ በላቸው ስልክ ሊያነጋግሩ ወደ ውጭ ወጡ፤ ሙሉቀንም ባጃጁ ሥር ገባ። ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልሁ።

"የታመመ በሬ ሲያመጡልዎ ባለቤቱን መጀመሪያ ምን ብለው ይጠይቁት ነበር?"

"ምን አበላኸው ነዋ።"

ጠበቅሁ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ኑግ" አሉ፣ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የኑግ ዘይት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ በዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ብርጭቆ አጠጣዋለሁ። ብርዱ እንዳያዝገው ብዬ። ደግሞ የገበያ አይደለም፤ ከማሳዬ ያጨድሁት፣ ያስጨመቅሁት ነው።"

"መጀመሪያ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጄ፣ ሐኪም የነበረ ሰው ሞተሩን ወጥ አበላሁት ይላል?"

እውነታቸውን ነው። ያ ሞተር ዕድሜ ልኩን ቅቤ ሳይቀምስ የኖረ ጾመኛ ነበር፤ ምግቡም በዚያ ወራት ከምበላው ይሻል ነበር። ችግሩ ግን ኑግ እንደ ሞተር ዘይት ዘይት ሆኖ አለመቅረቱ ነው። የዘይት ጠርሙስ ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንገቱ ላይ የደረቀው ኑግ በጥፍር አይለቅም። ሙጫ ይሆናል። አያ ይሁኔ በየዓመቱ አንድ ብርጭቆ ሙጫ ሲጨምሩ ኖረዋል። ፒስተኑ አልዛገም፤ ተለጥፏል። በመዶሻ ቢመታ አናቱ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ሞተር ደግሞ ሌላ ፒስተን ከየትም አይመጣም።

ጋሽ በላቸው ተመለሱ።

"እስካሁን አልመታሽውም?"

"አይመታም፣ ጋሼ። ዝገት አይደለም። የደረቀ ዘይት ነው።"

"የምን ዘይት?"

አያ ይሁኔ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

"አሮጌ ዘይት" አልሁ።

የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አነሣሁና ፒስተኑ ላይ ቲነር፣ ያንኑ ቀለም ማቅጠኛ፣ ሞልቼ በጆንያ ሸፈንሁት። ሲጎድል እጨምራለሁ። የምፈታውን ዕቃ ሁሉ በተፈታበት ተራ ካርቶን ላይ ደርድሬ በየሥሩ ስሙን ጻፍሁ። ሙሉቀን "ሙዚየሙ ስንት ሰዓት ይከፈታል?" እያለ ያልፋል። እኔም "ለባጃጅ ሐኪሞች ዝግ ነው" እላለሁ። በየመካከሉ የጎኑን ክዳን ከፍቼ ፒስተኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የክራንክ ዘንግ ብሎን በረጅም ቁልፍ እይዝና ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እሞክራለሁ። ለቀናት ምንም አልነበረም። ጋሽ በላቸው ባለፉ ቁጥር መዶሻውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። የፀጉር ያህል ነው። መጀመሪያ ቁልፉ የሾለከ መስሎኝ ነበር። ፒስተኑን አየሁት፤ ዙሪያውን ቢጫ መስመር አውጥቷል፤ ወርዷል ማለት ነው። አልጮህሁም። ቲነር ጨመርሁ።

ሲሊንደሩ ወጥቶ ሲታጠብ ውስጡ መስተዋት ሆኖ ተገኘ። አንዲት የዝገት ነጥብ አልነበረችበትም። ጋሽ በላቸው ጣታቸውን ከተው አዞሩት፤ አወጡት፤ ጣታቸውን አዩት፤ ሄዱ። በእርሳቸው ቋንቋ ይህ ረጅም የምስጋና ንግግር ነው።

የፒስተኑ ቀለበቶች ግን ከጎድጓዳቸው ሲወጡ ተሰበሩ። በውፍረትም በስፋትም የሚቀርባቸው የሌላ ሞተር ሳይክል ቀለበት ፈልጌ አገኘሁ። ቀለበት ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ጫፍና ጫፉ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ብረቱ ሲሞቅ ይነክሳል፤ ከሰፋ ጉልበት ያመልጣል። እየሞረድሁ፣ እያስገባሁ፣ በቀጫጭን የብረት መለኪያ ቅጠሎች እየለካሁ፣ ደግሞ አውጥቼ እሞርዳለሁ።

"በዓይንሽ አይታይሽም?" አሉ ጋሽ በላቸው።

"ይታየኛል፣ ጋሼ። ዓይኔ ግን ስንት እንደሆነ አይነግረኝም።"

ቫልቮቹን በአሸዋማ ቅባት አሽቼ ከመቀመጫቸው አስማማሁ፤ ካርቡራተሩን አጠብሁ፤ ካርቶኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እያነበብሁ ገጠምሁት። አንድም ብሎን አልተረፈም። ሙሉቀን ይህን ለማመን ካርቶኑን ገልብጦ አየው።

የሚነሣበት ቀን ባጃጆቹ ባለቤት አጡ። ሁሉም መጥቶ ቆመ። ሙሉቀን "ለጉልበት ነው እንጂ ለእውቀት አይደለም" ብሎ ፔዳሉን ረገጠ። አሁን ፔዳሉ ይወርዳል። ሞተሩ ግን ዝም። ደጋግሞ ረገጠ። ካንዴላውን ፈትቼ አየሁ፤ ብልጭታ አለ። ቤንዚንም አለ። ሙሉቀን ላቡን ጠረገና፣ "ሐውልቱ አሁን እግሩን ማንቀሳቀስ ተምሯል፤ ይኼም ቀላል አይደለም" አለ።

ጋሽ በላቸው ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ደግሞ ከሩቅ የዕቃ ክፍሉን በር አየሁ።

ወደ አያ ይሁኔ ሄድሁ።

"እርስዎ ሲያስነሡት እንዴት ነበር?"

"እንደሱ አይደለማ" አሉ፣ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ እንደ ነበረ ሰው። "እሱ ቁጡ ነው፤ ችኮላ አይወድም። ነዳጅ መስጫውን አትንኪው። ፔዳሉን በቀስታ ግፊው፤ የሚከብድበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ትንሽ አሳልፊው። ከዚያ ፔዳሉን ወደ ላይ መልሰሽ አንዴ ብቻ ርገጪ። አንዴ።"

በቀስታ ገፋሁት። ከበደኝ። አሳለፍሁት። ፔዳሉን መለስሁና ረገጥሁ።

ተነሣ። ሲያስነጥስ፣ ሲንገዳገድ ቆይቶ አንድ ወጥ ድምፅ ያዘ። አያ ይሁኔ ጆሯቸውን አስጠጉ። ወዲያው ደግሞ ሳላጥበው ከቀረው ማርሚታ የወጣው ጭስ ጋራዡን ሞላው፤ ሽታውም የጾም ወጥ ሽታ ነበር፤ ሽንኩርቱ ብቻ ቀርቶ።

"እንጀራ አምጡ" አለ ሙሉቀን።

ጋሽ በላቸው አፍንጫቸውን አነሡ። "ይኼ ምንድን ነው?"

"ኑግ ነው" አሉ አያ ይሁኔ፣ ድምፃቸውን ከሞተሩ በላይ አድርገው። "እኔ ነኝ ያጠጣሁት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ጎድቶት ኖሯል?"

"ያጣበቀው እሱ ነው" አልሁ። "ከዝገት ያዳነውም እሱ ነው። ሁለተኛ አያጠጡት።"

ጋሽ በላቸው ወደ እኔ መጡ። "አሮጌ ዘይት ነው አላልሽኝም?"

"አሮጌ ነው።"

ሳቃቸው መጣ፤ ዋጡት። "እሺ፣ ሞተር ክፍል ግቢ። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍም ግን አንቺው ያዢው። ሁለቱንም ትችያለሽ።"

"አልችልም፣ ጋሼ" አልሁ። በዚያ ጋራዥ "አልችልም" ብዬ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖርሁ። ሌላ ሰው እስኪቀጠር ድረስ ዕቃ ክፍሉን የጠበቁት ጋሽ በላቸው ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተር ፈትቻለሁ። ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። አንድ ጊዜ ሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ ለብቻው። የሚሠራው ሁለተኛው መልስ ነው።