ሽማግሌ ለግዙፉ ዳመነ

ምስጋናው ራጅ አንሺ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አጥንት ሲያይ ይውላል። የራሱን ሆድ ግን ለማንም አያሳይም። ከሊማሊሞ ገደል ማዶ ዛሪማ ካለው ታላቅ ወንድሙ ከየሻው ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ለምን ሲሉት «በር ዘጋብኝ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱትም ሌላ ቃል አይወጣውም።

አፉ ዝም ያለ ሰው እጁ አያርፍም። አራት ዓመት ፈጅቶ አንድ የሥዕል ልብወለድ ሠራ፤ ሊማሊሞ ገደል ላይ ስለሚኖሩ ሁለት ግዙፍ ወንድማማቾች። ታናሹ በራ ደግ ነው። ታላቁ ዳመነ መንገዱን በጉም ዘግቶ አገር ያስርባል፤ መጨረሻው ገጽ ላይ በራ ይገድለዋል። ምስጋናው ዳመነን ሲሥል አንድ ደህና ጥርስ እንኳ አልሰጠውም።

ከባልደረባው ከነጃት ጋር መጽሐፉን የጠረጴዛ ጨዋታ አደረጉት። እያንዳንዱ ተጫዋች በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፤ የሚያደርገውን በአፉ ይናገራል፤ መሳካቱን የሚጣለው ዳይስ ቁጥር ይወስናል። ተራኪው ምስጋናው ነው፤ ግዙፎቹንም፣ መንገደኛውንም፣ በቅሎዋንም ሆኖ የሚናገረው እሱ። እሑድ ከሰዓት ፒያሳ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ይጫወታሉ።

አንድ እሑድ ሦስተኛዋ ተጫዋች ቃልኪዳን አጎቷን ይዛ መጣች። አያ አወቀ የጠዳ ገበሬ ናቸው፤ ለዓይን ሕክምና ነው የመጡት። ዝም ብለው እንዳይሰለቹ ሰይፍ የታጠቀ ወታደር ተሰጣቸው። ሰይፉ ይቅርብኝ፣ ሽማግሌ ልሁን አሉ። ዕድሜው የራሳቸው ስለሆነ የተቃወመ የለም።

ጨዋታው ተጀምሮ ዳመነ ከጉሙ ሲወጣ፣ በበራ ወገን ያለችው ነጃት ቀስቷን ደገነች። አያ አወቀ ግን ወንድማማች ሳይሸመገል እንዴት ይገዳደላል ብለው ከለከሏት። ምስጋናው በጨዋታው ሕግ ሽምግልና የሚባል የለም ሲል ተከራከረ።

«ምነው? ሽማግሌ የሌለበት አገር ነው?» አሉት በእርጋታ።

ነጃት ሳቀች፤ ሕጉን ያወጣችው እሷም ናትና ፈቀደች። ደራሲ በራሱ መጽሐፍ ሲረታ ማየት ደስ ይላል።

አያ አወቀ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ብለው መጀመሪያ የታናሹን ቃል ጠየቁ። ምስጋናው በበራ አፍ አወረደው፤ ዳመነ ስግብግብ ነው፣ ጨካኝ ነው፣ መንገድ ዘጊ ነው። ሰባት ዓመት ሲያብሰለስለው የኖረ ነገር ስለሆነ አልተደነቃቀፈም። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ሸጋ። አሁን ታላቁ ይናገር።»

ዳመነም የምስጋናው ድርሻ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ዳመነ ከማጓራት በቀር አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ምስጋናው ዳይሱን አንሥቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው፤ ዳይስ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። አያ አወቀ አላጣደፉትም።

«መንገዱን የዘጋሁት...» ብሎ በግዙፉ ወፍራም ድምፅ ጀመረ፤ ድምፁ ግን መሐል ላይ የራሱ ሆነ። «እናታችን ስትታመም ና ብዬ ላክሁበት። ሥራ አለኝ አለ። ደግሜ ላክሁ። ብቻዬን አስታመምኳት፤ ብቻዬን ቀበርኳት። ከርሞ ሲመጣ በሩን ዘጋሁበት።»

በመጽሐፉ ውስጥ ግዙፎቹ እናት የላቸውም። ይህን የምታውቀው ነጃት ቀና ብላ አየችው። ምስጋናው ፊቱ ጋለ፤ አፈረ፤ ከሐፍረቱ ይልቅ ግን እናቱ ናፈቀችው።

አያ አወቀ በዳዩ ታናሹ ነው፣ ድንጋይ ተሸክሞ ታላቁ እግር ላይ መውደቅ ያለበትም እሱ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ ታላቁ የት እንደሚገኝ ጠየቁ። ነጃት ሊማሊሞ ልትል ስትል ምስጋናው ቀደማት።

«ዛሪማ ነው» አለ። «አያ አወቀ፣ ዓይንዎ ሲሻል አብረውኝ ይሄዳሉ? ብቻዬን ብሄድ አይከፍትልኝም።»

«የማስታርቀው በጆሮዬ ነው፤ ዓይኔ ምን አገባው» አሉ አያ አወቀ። «ማክሰኞ እንነሣ።»