የላይኛው መደርደሪያና የታችኛው

ወንድሜ ዶክተር ነው ስላችሁ እንዳትስቁ። ሐኪም አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲም በተማሪነት ደጁን ረግጦ አያውቅም። ጠራዥ ነው። የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ይሰፋል፣ ያጣብቃል፣ ልባስ ያለብሳል፣ ጀርባው ላይ ስማቸውን በወርቅ ቀለም ይመታል። በእጁ ያላለፈ ዶክትሬት በዚህ ከተማ የለም ብለው ተማሪዎቹ «ዶክተር ሙጫ» አሉት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ወደደው። አሁን ሙጫውን ትታችሁ ዶክተር ብቻ ብትሉት ደስታውን አይችለውም።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ በሩ ሥር ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። የሚያልፈውን ወረቀት ሁሉ አነባለሁ፤ ማሽኑ እስኪያወጣ ምን ልሥራ ታዲያ? ጋሼ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀርባና ጠርዝ ሲያይ ኖረ እንጂ አንድ ገጽ ገልጦ አላነበበም። «ማንበብ ከጀመርኩማ መቼ ልሰፋ ነው?» ይላል።

ከተማችን ሁለት ዩኒቨርሲቲ አላት፤ አንዱ ኮረብታው ላይ፣ አንዱ ወንዙ ዳር። የላይኛውና የታችኛው እንላቸዋለን። ሰው ወሬ ሲያጣ እነሱን ያወዳድራል። ፀጉር ቤት ግቡ፣ ታክሲ ተሳፈሩ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ያዙ፣ ያው ነው። የላይኛው ባለሥልጣን ያወጣል፣ የለም የታችኛው ሥራ የሚያውቅ ሰው ያወጣል። አንድ ዓመት አንድ ጋዜጣ ደረጃ አወጣሁ ብሎ የታችኛውን በአንድ ቁጥር ቢያስቀድም ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ከደንበኛው ጋር ተጣላና ሰውየው ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ወጣ። እኔ ልሙት፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።

ጋሼ ጋዜጣ አያስፈልገውም ነበር፤ የራሱ ሚዛን አለው። የላይኛው ቀይ ጨርቅ፣ የተሰፋ ጀርባ፣ የወርቅ ፊደል ካልሆነ አይቀበልም። አንዲት ፊደል ከጠመመች ይመልሳል። የታችኛው ሰማያዊ ካርቶን ከሆነለት በቃው፤ ስሙንም በማርከር ብትጽፉት ግድ የለውም። «ለወረቀቱ ልብስ ያልተጨነቀ ለሰው ልጅ ምን ይጨነቃል?» ይላል ወንድሜ። መደርደሪያውም እንደዚያው ነው። ቀዮቹ ላይ ናቸው፣ ደረቅ ቦታ። ሰማያዊዎቹ ታች፣ ግድግዳው እርጥበት በሚያወጣበት በኩል ናቸው፤ ስለዚህ ብል የሚበላው እነሱን ነው። ብልን ታውቋታላችሁ፤ ያቺ ወረቀት የምትበላ፣ መብራት ሲበራ እልም የምትል ትንሽ ተባይ። የወንድሜ የዕድሜ ልክ ጠላት እሷ ናት።

የወንድሜ ልጅ ያደገችው እዚያ ታችኛው መደርደሪያ ፊት ለፊት ነው። ገና ድክ ድክ ሳትል እናቷ አርፋባት፣ ሌላ የሚይዛት ሰው ስላልነበረን፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈን አሳደግናት። ሚጣ እንላታለን፣ እስከ ዛሬ። ማንበብ የለመደችው በተበላሸ ገጽ ነው። የሰው ልጅ አሻንጉሊት ሲያዝል የኛዋ በክብሪት ቀፎ ብል ታረባ ነበር። «አባዬ፣ ነጩን ሙጫ አይነኩትም፤ የዱቄቱን ነው የሚወዱት፣ አየህ?» ስትለው ቀፎውን ቀምቶ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ሄዳ ታነሣዋለች።

ትምህርቷን ስትጨርስ ዩኒቨርሲቲ መምረጫው ቅጽ መጣ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ የሚሞላ ነው።

«የነፍሳት ጥናት ነው የምፈልገው» አለች። «የታችኛው ብቻ ነው ያለው። በዓመት አሥራ ሁለት ሰው ይቀበላሉ።»

ጋሼ ሳቀ። እንዳልቀለደች ሲገባው ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ብል? ብል ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ? እኔ አላስተምርሽም ነበር?»

«አንተ የምታውቀው መግደል ነው አባዬ።»

«ስሚኝ የኔ እናት። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስም በወርቅ ስመታ ኖሬያለሁ። ያንቺን ካርቶን ላይ በማርከር እንድጽፈው ነው? የላይኛውን አንደኛ አድርጊ። እምቢ ካሉሽ የታችኛው ሁለተኛ ሆኖ ይጠብቅሻል፤ የት ይሄዳል?»

በዚያው ሳምንት የምርጫውን መመሪያ አራት መቶ ቅጂ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ስድስተኛው ተራ ላይ ምን እንደሚል በቃሌ አውቀዋለሁ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚቀበለው አንደኛ ብለው የመረጡትን ነው፤ ሁለተኛ ያሉት የሚታዩት ቦታ ከተረፈ ነው። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ያለ ሰው እኮ...» ብዬ ስጀምር ማሽኑ ወረቀት ነከሰ። ጎንበስ ብዬ ስጎትት፣ ስረግም፣ ጣቴን ሳቃጥል ቆየሁ። ቀና ስል ሚጣ ጽፋ ጨርሳለች። እምቢ ማለት አቅቷት አይደለም፤ ሙጫ የበላውን የአባቷን እጅ ዓይታ ነው የጻፈችው። ያኔም መናገር እችል ነበር። ደግሞ ከእሱ ጋር መጨቃጨቁ ሰለቸኝ፣ ልጅቷም ጎበዝ ናት፣ ታልፋለች ብዬ ዝም አልኩ።

የላይኛው በሦስት ነጥብ ጣላት። የታችኛው ደግሞ በአንደኛ መራጮች ሞልቶ ጠበቃት፤ ከእሷ ሃያ ነጥብ ያነሰ ሁሉ ገብቷል። የደረሳት ሦስተኛው ነው፣ ለመሙላት ያህል የጻፈችው፤ የሁለት ቀን መንገድ፣ የሆቴል አስተዳደር።

ጋሼ ያን ዕለት ሙጫውን እሳት ላይ ረስቶ አሳረረው። በማግስቱ ኮቱን ለበሰና የታችኛው ሬጅስትራር ቢሮ ይዞኝ ሄደ። ኃላፊዋ ገና ስታየው ብድግ አለች። «ዶክተር! ምን እግር ጣለዎት?» ከኋላዋ ግድግዳው ሙሉ ሰማያዊ ጥራዝ ነው፤ ሁሉም የእሱ እጅ።

ነገሩን ሲነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«ምነው ዶክተር! አንደኛ ብላን ቢሆን እኮ ከሁሉ በፊት ነበር የምትገባው። አሁን ዝርዝሩ ተዘግቷል፤ እኔም ልክፈተው ብል አልችልም።»

«ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ቢቀርስ?»

«ማን ይቀራል ብለው ነው! ለማንኛውም ረቡዕ ትምህርት ሲጀመር ብቅ ይበሉ።»

ረቡዕ ማለት ቀላል ነው። የሩቁ ዩኒቨርሲቲ ሰኞ ካልተመዘገበች ያም ይዘጋባታል። ስለዚህ ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፈሩ፣ እሱ ሻንጣዋን ጭኑ ላይ አቅፎ። በመስኮት «ረቡዕን አደራ! ከተገኘ ይዣት እመለሳለሁ» አለኝ።

ረቡዕ ሄድኩ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ ስቆም፣ ስቀመጥ፣ እግሬ ሲያብጥ ቆየሁና ሱቁ ተዘግቶ ደንበኛ እየተመለሰ ነው፣ ነገ እመጣለሁ አልኩ። በነጋታው ማሽኑ ተበላሸ። ዓርብ ጋሼ ከዚያ ማዶ ደውሎ «እሺ፣ ምን አሉ?» ሲለኝ ያላፈርኩት እኔ፣ አፌን ሞልቼ «ሞልቷል» አልኩት። ደግሞም እውነት የሞላ ነበር የመሰለኝ። «ተይው በቃ» አለኝ።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሚጣ እሑድ እሑድ ትደውላለች። «ደህና ነኝ አባዬ፤ የዛሬው ፈተና አልጋ ማንጠፍ ነበር» ትለዋለች፣ ይስቃል፤ ስልኩን ዘግቶ ግን መርፌውን ይዞ ሳይሰፋ ይቀመጣል። ብል መግደሉን ተወ። ስትሮጥ ያያታል፣ እጁን አያነሣም።

ዘንድሮ የምረቃው ሰሞን አንድ መንጋ ተማሪ ከታችኛው መጣ።

«የየትኛው ክፍል ናችሁ?» አላቸው።

«የነፍሳት ጥናት።»

ጽሑፎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። «አሥራ ሁለት አይደላችሁም እንዴ?»

«አሥራ አንድ ነን ዶክተር» አለች አንዷ። «አንድ ልጅ ውጭ አገር ዕድል አግኝቶ ገና ሳንጀምር ቀረ። ወንበሩ አራት ዓመት ባዶውን ኖረ፣ ቦርሳ ማስቀመጫ አደረግነው።»

ጋሼ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር፤ ቁጣ አልነበረም። እኔ የሞላውን የማሽኑን መሳቢያ አውጥቼ ወረቀት መጨመር ጀመርኩ።

ካርቶን ነው የጠየቁት። እሱ ግን ሁሉንም በቀይ ጨርቅ ለበጣቸው፣ ጀርባቸውን ሰፋ፣ ስማቸውን በወርቅ መታ። አንዱን ደግሞ ለሦስት ቀን ገልጦ ሲያነብ አየሁት፣ በጣቱ እየተከተለ። ከዚያ አሥራ አንዱንም ላይኛው መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው።

ሐሙስ ሚጣ ጨርሳ መጣች። ጠውልጋለች፣ አድጋለች። ጋሼ የደበቀውን ቀይ ጨርቅ አውጥቶ «የታለ ጽሑፍሽ? ላንቺ ያስቀመጥኩት ነው» አላት።

«የኛ በፍላሽ ነው የሚገባው አባዬ። ጥራዝ አይጠይቁም።»

ጨርቁን መልሶ አጠፈው። እሷ ግን ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ሄዷል። ተጠጋች፣ ጀርባዎቹን በጣቷ እየነካች አነበበች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር ይታየኛል።

«የነፍሳት ጥናት ናቸው» አለች። «አሥራ አንድ ናቸው?»

«አንዱ ገና አልመጣም» አለ ጋሼ፣ መርፌው ላይ ክር እያስገባ።

«ምረቃቸው እኮ ቅዳሜ ነው፣ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

አፌን ከፈትኩ። ማሽኑ ወረቀት አልነከሰም፣ ማንም አላቋረጠኝም፤ ቃል ግን አልወጣልኝም።