ሁለት ጊዜ የሚደምቀው አምፖል

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት አምፖሉን ነው። ሌላ ሰው መስኮት ይፈልጋል፤ የመብራት ሠራተኛ አምፖል ያያል። ክር ያለው፣ ዝንብ ያቆሸሸው፣ በገመድ የተንጠለጠለ አሮጌ አምፖል። ፍራሹ ከመሳሳቱ የተነሳ ቁንጫዎቹ እንኳ ሲሚንቶው ላይ መተኛት መርጠው ነበር።

ያሳሰረኝ አንድ የስልክ ወሬ ነው። ከአቃቂ መስመር ላይ ሆኜ፣ ማከፋፈያ ጣቢያው ውስጥ ተረኛ ለነበረው ባልደረባዬ፣ "ጫፍ ላይ ኃይሉ ተዳክሟል፤ ባንኩን አስገባው" አልኩት። ባንክ የምንለው ቮልቴጅ ሲወርድ መስመሩን ደግፈው የሚያነሱ፣ ካፓሲተር የሚባሉ ጣሳ መሳይ ዕቃዎችን ነው።

"ባንኩን ወዴት ነው የምታስገቡት?" አለኝ መርማሪው።

"ወደ መስመር።"

"የምን መስመር? የተዳከመውስ የማን ኃይል ነው?"

"የሁላችንም፣ ጌታዬ" አልኩና ሳቅኩ። ከቃሌ ይልቅ ሳቄ አስጠረጠረኝ።

አብረውኝ የታሰሩት ሳሪስ አቦ ሱቅ የነበራቸው የስልጤ አባት ናቸው። በየምሽቱ ሳንጋጥጥ ያዩኛል።

"አንተ ልጅ፣ ጣሪያው ላይ ምን አለህ?"

"ሚስቴ አለች፣ አባባ።"

"አላህ ያሽርህ።"

አስረዳኋቸው። ይህን አምፖል የሚያበራው መስመር በእኛ ሰፈር በኩል ነው የሚያልፈው። ሲመሽ ፋብሪካው ሞተሩን፣ ሰፈሩ ስቶቩን ይለኩሳል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል። ከነዚያ ስቶቮች አንዱ የሷ ነው። ወጡን ስታማስል ይታየኛል። ከዚያ ባንኩ ይገባና ይደምቃል።

"ባንክ ያልከው ምን ያደርጋል?"

"ሥራ የማይሠራ ኃይል አለ፤ ሞተር ግን ያለሱ አይዞርም። እንደ ሚዜ ነው። ራሱ አያገባም፣ መንገዱን ያጨናንቃል፣ ያለሱ ግን ሠርግ የለም። ከሩቅ ከማመላለስ እዚያው ሙሽራዋ ሰፈር ሚዜ ማዘጋጀት ነው። ባንኩ እሱ ነው።"

"ታዲያ ለመርማሪው እንዲህ አትለውም?"

"ብዬው ነበር። የሚዜዎቹን ስም ጠየቀኝ።"

ሳቃቸው በር አስደበደበብን።

ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ነገርኳቸው። ሌላ ተረኛ ባንኩን ባንዴ ያስገባዋል። ባልደረባዬ ግን ግማሹን አስገብቶ፣ ሻዩን እፍ ብሎ አንዴ ፉት ካለ በኋላ ነው ቀሪውን የሚያስገባው። "መስመርም ይደነግጣል" ይላል። ስለዚህ እሱ ተረኛ ሲሆን አምፖሉ ሁለት ጊዜ ይደምቃል። ሁለቴ በደመቀ ቁጥር አልያዙትም ማለት ነው።

አንድ ምሽት መርማሪው ራሱ ክፍላችን ድረስ መጣ። ይዞት የመጣው ወረቀት፣ እኔና ባልደረባዬ በስውር ቃል ስንዶልት ነበር ይላል።

"ጓደኛህን ይዘነዋል፤ እዚሁ ግቢ ነው ያለው። ሁሉን አምኗል። አንተም ፈርምና ቤትህ ግባ።"

አምፖሉ ቀልቶ ነበር። ሚስቴ ምድጃው አጠገብ ናት ማለት ነው። አሁን ብፈርም ራት እደርሳለሁ። እሱስ ካመነ የእኔ ፊርማ ምን ይጨምርበታል? እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ክዳኑን ነቀልኩ።

አምፖሉ ደመቀ።

አንጋጠጥኩ። ሻይ ፉት የሚባልበት ጊዜ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር፤ በዚያች ፉት ውስጥ አንድ ግድብ ተሠርቶ ይመረቃል።

እንደገና ደመቀ።

"ሁለቴ!" አሉ ሽማግሌው።

መርማሪው ዞረ። "ምን አሉ?"

"ሁለቴ አስነጠስኩ፣ ልጄ። ብርዱ ነው።"

እስክሪብቶውን ከድኜ፣ ለታላቅ እንደሚሰጥ በሁለት እጄ መለስኩለት።

"ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ በደንብ አነበብኩት፣ ጌታዬ። አልፈርምም።"

በገባሁበት ምክንያት ወጣሁ፤ ያለ ምክንያት ማለቴ ነው። ባልደረባዬ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል። እንደዋወላለን፤ ስለ ባንክ አናወራም። ሽማግሌውን ሳሪስ ሄጄ ፈልጌያቸው ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ጣቢያው ዛሬ ቮልቴጁን ራሱ እያየ የሚያስተካክል መሣሪያ አለው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እንዲተከል የተከራከርኩትም እኔ ነበርኩ።

ሲመሽ ሚስቴ ስቶቩን ትለኩሳለች፤ እኔ ከአጠገቧ ተቀምጬ አንጋጥጣለሁ።

"ጣሪያው ላይ ምን አለህ?" ትለኛለች።

"ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

ታውቃለች። አንዳንድ ቀን ወጡን ትታ፣ ስቶቩን አጥፍታ መልሳ ታበራልኛለች። የአምፖሉ ብርሃን ግን ንቅንቅ አይልም።