አስተናጋጁ ማን ነው?

የተያዝኩት ኡራኤል ታክሲ መያዣው ጋ፣ ስልኬ ሲፈተሽ ነው። ከተማው የተጨነቀበት ሰሞን ስለነበር መንገደኛው ሁሉ ይፈተሽ ነበር። ፖሊሱ ለሥራ ባልደረባዬ የላክሁትን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበበና ከሰልፉ እንድወጣ ነገረኝ።

መልእክቱ «እንግዳው አስተናጋጁ ውስጥ ገብቷል። ነገ ይገለጣል» ይላል።

የላብራቶሪያችን አነጋገር ነው። በግ ከሚያሳምም ባክቴሪያ አንድ ዘረመል ወስደን፣ ጉዳት በማያደርስ ሌላ ባክቴሪያ ውስጥ እናስገባለን። የገባውን እንግዳ፣ ተቀባዩን አስተናጋጅ እንላለን። ዘረመሉ ሥራ ጀምሮ ፕሮቲን ሲሠራ ተገለጠ ይባላል። ፕሮቲኑን የምንፈልገው ለክትባት ሙከራ ነው።

ቂርቆስ ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ ወሰዱኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሲሚንቶው እርጥብ ነው፤ በረኪና ይሸታል። ስድስት ሴቶች ነበርን። የስምንት ወር ልጄን ጠዋት አጥብቼ ነበር የወጣሁት። ከሰዓት በኋላ ጡቴ አጋተ፤ ሸሚዜ ራሰ። ቄራ ጨጓራና አንጀት የምትሸጥ አንዲት ሙስሊም እናት ፎጣዋን ደረቴ ላይ ጣል አደረገችልኝና በምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

«እንግዳ አስገብተሻል ብለውኝ ነው።»

«ባልሽ ያውቃል?» አለች።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ወተቱን በላስቲክ ኩባያ እንዳልበው ከለለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ አላመናጨቀኝም። እንግዳው ከየት እንደገባ፣ የት እንደሚገለጥ፣ አስተናጋጁ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ በጎቹ፣ ስለ ባክቴሪያው አስረዳሁት። ጻፈ፤ ሰረዘ፤ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደኔ አዞረው። አስተናጋጁ ባልደረባዬ ነው ይላል፤ ስሙና ካዛንቺስ ያለው ቤቱ ተጽፏል።

«ይቺን ፈርሚና ሂጂ ልጅሽን አጥቢ» አለኝ።

ልጄ ጡጦ አትይዝም ነበር። አባታችን ሆይን በልቤ ደገምኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከታች «አስተናጋጁ ባክቴሪያ ነው። ከላይ የተጻፈው የእኔ ቃል አይደለም» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ።

አነበበው። «ታዲያ ባክቴሪያ ልክሰስ?» አለ።

«እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ሰው አልሰጥዎትም» አልኩት።

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ጽፎ እስክፈታ ድረስ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ወተቴ ደረቀ። እኔ በሌለሁበት አንዲት ጎረቤቴ ልጄን ከራሷ ልጅ ጋር ስታጠባልኝ ሰነበተች። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት።

ባልደረባዬ ዛሬም አጠገቤ ይሠራል። የካዛንቺሱ ቤቱ ፈርሶበት ከተማው ዳር ስለገባ ጠዋት ያረፍዳል፤ ሲገባ ስለ ታክሲው እየተነጫነጨ ነው። ስለዚያ ወረቀት ነግሬው አላውቅም። በሩን ከፍቶ ባየሁት ቁጥር በለሆሳስ ተመስገን እላለሁ። እሱ በማርፈዱ የማሽሟጥጠው ይመስለዋል።