ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ዳር የመረቅሁት ቤት

ይህ ነገር ከገጠመኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ነገር ከነምክንያቱ ካልገባኝ አይለቀኝም። ይህኛው እስካሁን አልገባኝም፤ ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

የምኖረው አምቦ ነው። እኔም ባለቤቴም ያደግነው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤታችን ውስጥ ከመዝሙር ሌላ ተሰምቶ አያውቅም። ያለችን አንድ ልጅ ሲፈን ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ቆየችና፣ ወንጪ አንድ ሎጅ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና እንደተቀጠረች ነግራን ሄደች። ደስ አለን፤ በጸሎትም ሸኘናት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ሻዩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ሲፈንን እኮ ሐይቁ ዳር ሰማኋት። ለካ እንዲህ ዓይነት ድምፅ አላት?» አለኝ።

መዝሙር መሰለኝና «የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» አልኩት። ሰውየው ደንግጦ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ቀስ ብዬ ሳጣራ ነገሩ ወጣ። ሐሮ ወንጪ፣ እዚያው ወንጪ ሐይቅ ዳር፣ ጥቂት ወጣቶች ማንም ሳያግዛቸው ዳስ ጥለው፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለጎብኚውም ለአገሬውም ሙዚቃ ይጫወታሉ። ባሕር የሌለው ሰው ሐይቁን ባሕር ይለዋልና ቦታውን «ባሕር ዳርቻ» ብለውታል። የሎጁን ሥራ ትታ የምትዘፍንላቸው ደግሞ የእኔ ልጅ ናት።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ሱፌን ተኩሳ አልጋው ላይ ዘረጋችልኝና፣ «ሳትይዛት እንዳትመጣ» አለችኝ። እኔም ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ልጄን ይዤ ልመለስ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ወንጪ አፋፉ ላይ አወረደኝ። ዝናብ ያካፋል። ፈረስ አከራዮቹ ተሻሙብኝ፤ «ጉልበት አለኝ» ብዬ ተኩራርቼ ቁልቁለቱን በእግሬ ተያያዝኩት። ግማሽ ሳልደርስ ጃንጥላዬ ምርኩዝ ሆነ፤ ሱፌም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለበሰ።

የሙዚቃ ቤት ስል በልቤ የነበረው ጨለማ፣ ቀይ መብራትና ቢራ የጨበጠ ጎረምሳ ነው። ሰዎች የጠቆሙኝ ቦታ ስደርስ ግን ዳስም የለም፣ ጎረምሳም የለም። ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ የተሠራ አዲስ ቤት አለ። ወለሉ ላይ እርጥብ ሣር ተነስንሷል። አግዳሚው ላይ እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ገበሬዎች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ትልቅ ነገር በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል፤ የምግብ ጠረጴዛ መሰለኝ። የሠርግ መልስ ነው? የዕድር ስብሰባ ነው? ግራ ገባኝ። ተሳስቻለሁ ብዬ ልመለስ ስል አንድ ጺማም ወጣት ሮጦ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ። ዝናቡ ያስቀርዎታል ብለን ፈርተን ነበር፤ እንኳን ደረሱልን» አለኝ።

«እኔን ነው የምትጠብቁት?»

«ታዲያ ማንን እንጠብቅ? ይግቡ፣ ሰው ብዙ ቆይቷል።»

ለሊሳ እንደሚባልና ቤቱን ከጓደኞቹ ጋር እንደሠራው እየነገረኝ እርጥብ ኮቴን ተቀበለኝ፤ ፊት ያለው ወንበር ላይም አስቀመጠኝ። ሲፈን መምጣቴን ሰምታ ነግራቸው ይሆን? ግን ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ለሊሳ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «አባታችን ደርሰዋል። አዲሱን ቤታችንን ይመርቁልናል» አለ። ሁሉም ከመቀመጫው ተነሥቶ መዳፉን ዘረጋ።

የእኛን አገር ልማድ የማያውቅ ሰው «ለምን እምቢ አላልክም?» ይለኛል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው «መርቁኝ» ብሎ መዳፉን ከዘረጋ፣ ሽበት ያለው ሰው እምቢ አይልም። እምቢ ማለት ከመርገም አይተናነስም። ደግሞስ ቤት መመረቅ ምን ክፋት አለው? ልመርቅላቸውና ስለ ልጄ እጠይቃለሁ ብዬ ተነሣሁ።

የአገራችን ጃርሳ፣ ማለትም ሽማግሌ፣ ሲመርቅ ዓይኑን ገልጦ የሚመርቀውን ሰው እያየ ነው። እኔ ግን ጸሎት ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ጃንጥላዬን ተመርኩዤ፣ እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በኦሮምኛ ነው የጀመርኩት። «ይህ ቤት ይሙቅ» አልኩ። «ሃ ታኡ» አሉ፤ ይሁን ማለታቸው ነው። «የሠራው እጅ አይዛል። የገባ ይጥገብ፣ የወጣ በሰላም ይመለስ።» «ሃ ታኡ።» ከሁሉ ቀድሞ፣ እዚሁ ከፊቴ፣ ሻከር ያለ አንድ ድምፅ ይመልሳል። የማውቀው ድምፅ መሰለኝ፤ ዓይኔን ግን አልገለጥኩም። ሐሳቤ ሲፈን ጋ ነበርና ያላሰብኩት ቃል ከአፌ ወጣ። «በዚህ ቤት የምትቆም ሴት ልጅ አንገቷን አትድፋ። ስትጣራ የሚሰማት አትጣ።» «ሃ ታኡ።» በመጨረሻም በኢየሱስ ስም ዘጋሁና አሜን ብዬ ዓይኔን ገለጥኩ።

«እግዚአብሔር ያክብርልን፤ የሙዚቃ ቤታችን ተመረቀ» አለ ለሊሳ፣ አንሶላውንም ገፈፈው። ኪቦርድ፣ ድራምና ማይክራፎን ነበር።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለካስ ያ ዳስ ፈርሶ ይህ ቤት የተሠራው በቦታው ነው። በዚህ መሐል ድራሙን የሚመታው ልጅ በሩ ላይ ብቅ አለ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ደግፎ፣ «አያቴን ይዣቸው መጣሁ፤ ከጌዶ መኪና ጠፍቶ ነው የዘገየነው» አለ። ለሊሳ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል። አንዲት እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እኔ ግን ማምለጫ ያገኘሁ መሰለኝ። «ተሳስታችኋል» አልኳቸው። «እኔ የሲፈን አባት ነኝ፤ የመጣሁትም ልጄን ልወስድ ነው። የእኔ ምርቃት አይቆጠር፣ እሳቸው ይመርቁ።»

ሽማግሌው ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ዱላቸውን አስደግፈው ተቀመጡና፣ «መርቀህ ጨርሰሃል?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

«ሰዉ ሃ ታኡ ብሏል?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው ቤቱ ተመርቋል። በሰው ምርቃት ላይ ሌላ ምርቃት አልደርብም። መልሼ ልውሰድ ካልክ ደግሞ ርግማን ነው የሚሆነው፤ በማን ላይ እንደሚያርፍ አንተ ታውቃለህ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል አማርኛ። የእኔው አንደበት በእኔው ላይ መሰከረብኝ። ይህን ጊዜ ሲፈን ከጓዳ ወጣች። አጠገቤ መጥታ መሬት መሬት እያየች፣ «አባዬ፣ እንሂድ ካልክ ቦርሳዬን ላምጣ» አለችኝ።

የመጣሁት ይህንኑ ለመስማት ነበር። «አምጪ» ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ነገር ግን አንገቷን ደፍታ ነበር የምትናገረው፤ አንገቷን አትድፋ ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ገና አፌ ሳይደርቅ። «ቀና በይ» አልኳት። እሷ ግን ምን እንደገባት እንጃ፣ ቀና ብላ ወደ ማይክራፎኑ ሄደች።

ተቀምጬ ሰማኋት። ሙዚቃ ቤት ውስጥ እጅ የት እንደሚደረግ እንኳ አላውቅም። ልጄ ጥሩ አድርጋ ነው የምትዘፍነው፤ ይህንን መካድ ኃጢአት ይሆንብኛል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ደግሞ «አሜን» አልኩ። ለሊሳ ዞሮ አየኝ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ፣ «የታለች?» አለችኝ።

«መርቄያት መጣሁ» አልኳት።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት። ያን ጊዜ ለእኔም እንዳልገባኝ ታወቀኝ። ብዙ ቀን ተኳርፈን ከረምን፤ በኋላ ግን ማር በጣሳ አድርጋ ለሲፈን ላከች፤ ለጉሮሮዋ ነው ብላ።

ለገና ሲፈን ቤት መጣች። በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኋት፦ «ያን ዕለት ስመርቅ የት ነበርሽ?»

«ዓይንህን ስትጨፍን ከጓዳ ወጥቼ ፊትህ ቆሜ ነበር፣ አባዬ» አለችኝ። «መዳፌ ደረትህን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አሁን ዓይኑን ይገልጣል እያልኩ ስፈራ ነበር። አሜን ልትል ስትል ነው ወደ ጓዳ የተመለስኩት።»

ዓይኔን ብገልጥ ኖሮ እጇን ይዤ ዳገቱን እወጣ ነበር፤ ይህን አልጠራጠርም። የጨፈንኩት ደግሞ እግዚአብሔርን ለማክበር ነው። ታዲያ ያን ቀን የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው? ተሳስቼስ ነበር? በቤተ ክርስቲያን ስለ ሲፈን ሲጠይቁኝ ነገር አላሳምርም፤ ሐይቅ ዳር ትዘፍናለች እላቸዋለሁ። የሚከፋኝ ቀን አለ፤ ምርቃቴን ግን መልሼ አልወሰድኩም። አሁን ሲፈን ስትደውል ከሰላምታው በፊት የምጠይቃት ድምፅዋ ደህና መሆኑን ነው።