ኒካኖር ፕላቶኒችና የጎመን ከታፊዎቹ ዘፈን

ኒካኖር ፕላቶኒች ሲቆጡ አይጮኹም ነበር። ቀዩን እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ ያወርዱና በወረቀታችን ላይ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ያሰምራሉ። ከዚያ በደረጃው አንገታቸውን አስግገው ወደ ምድር ቤት ይጣራሉ፤

«ፔላጌያ! የዚህ ልጅ ሻይ ያለ ማርማላታ ይሁን!»

በሩሲያዋ ኮስትሮማ ከተማ የሙዚቃ ድርሰት ከእሳቸው ከተማርነው ሁሉ ማርማላታ ሳልቀምስ የከረምኩት እኔ ነኝ። አልከፋኝም። ቤታቸው ከቮልጋ ወንዝ ዳር ከፍ ብሎ የቆመ የእንጨት ቤት ነበር፤ ላይ ፒያኖና ሕግ፣ ታች ምድጃና ባለቤታቸው ፔላጌያ ሳቭሽና። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን መጀመሪያ የሚመጣልኝ ሽታው ነው፤ የጥድ እንጨት፣ የሰም፣ የኮመጠጠ ጎመን።

ቀዩ መስመር የሚሰመረው ለአንድ ጥፋት ነበር። ሁለት ድምፆች አምስት እርከን ተራርቀው፣ ተያይዘው መውጣት ተያይዘውም መውረድ ክልክል ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይውረድ፤ ካልሆነም ባለበት ይቁም። መምህራችን ይህን በወጣትነታቸው ላይፕዚግ ሄደው ከአንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ተምረውታል፤ ሽማግሌውም ከራሱ መምህር።

«ሁለት ድምፅ ተጣብቆ ከሄደማ ሁለት ለምን አስፈለገ? ባልና ሚስት እንኳ በአንድ አፍ አያወሩም» ይሉን ነበር።

«እኔ መቼ አፍ አገኘሁና!» ይላሉ ፔላጌያ ሳቭሽና ከታች ከምድጃው በኩል።

የራሳቸውን ድርሰት ማንም ተጫውቶላቸው አያውቅም። ስለዚህ አልተማረሩም፤ የሚመኙት አንድ ተማሪያቸው ዋና ከተማው ፒተርስበርግ ያለው ትልቁ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ማየት ነበር። ያቺ ተማሪ ግላፊራ እንደምትሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሻማ ሠሪው ልጅ ናት። እኛ መምህሩን ለማስደሰት ስንጽፍ፣ እሷ የምትጽፈው መተው ስላልቻለች ነበር። አባቷ ክፉ ሰው አልነበሩም። «በኅዳር ተፈትነሽ ከተቀበሉሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ካልተቀበሉሽ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ፤ ሱቅ ትቀመጫለሽ» ብለዋታል። ለፈተናው ደግሞ የራስን ድርሰት መምህር ፈርሞበት ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

የመስቀል በዓል እንዳለፈ ሴቶቹ ለበረዶው ክረምት የሚሆን ጎመን ለመክተፍ ይሰበሰባሉ፤ ዛሬ በዚህችኛዋ ቤት፣ ነገ በዚያችኛዋ። ጥቅል ጎመኑ ረጅም የእንጨት ገንዳ ውስጥ ይገባል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይከትፉታል፣ እየከተፉም ይዘፍናሉ። ዘፈናቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው የተከለከለው ነገር ነው፤ አንዷ ከላይ፣ ሌላዋ አምስት እርከን ከሥር፣ ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ተራው የፔላጌያ ሳቭሽና ሲሆን መምህራችን በራቸውን ዘግተው ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ይወትፋሉ።

በዚያ ዓመት ግላፊራ ሽርጥ ታጥቃ ከሴቶቹ ጋር ስትከትፍ ሰነበተች። ከዚያ ዘፈናቸውን ለአራት ድምፅ አድርጋ ጽፋ አመጣች። ኒካኖር ፕላቶኒች አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሎ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሳስተምርሽ ነበር?»

«ሕጉን ነዋ፣ ኒካኖር ፕላቶኒች። አውቀዋለሁ።»

«አውቀሽ ነዋ ያጠፋሽው!»

«ሴቶቹ እንደዚህ ነው የሚዘፍኑት።»

«ሴቶቹ አይፈተኑም!»

«ካስተካከልኩት የኔ አይሆንም» አለች ቀስ ብላ።

«ካላስተካከልሽው አልፈርምም።»

ወንዙ በረዶ ሊሆን ነው፤ ለፈተናው የምታደርሳት የመጨረሻዋ መርከብ የምትሄደው በዚያው ሳምንት ነበር። መምህራችን የፈሩት ፈታኞቹን ነው። በዋና ከተማው ከጀርመኖች እንማር የሚሉና ከገበሬው እንማር የሚሉ ሊቃውንት የሚነታረኩበት ዘመን ነበር፤ ከጠረጴዛው ማዶ የትኛው እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል? ልጅቷን የገጠር መሃይም ብለው እንዳይስቁባት ነው። እኔን ደግሞ ምን ይሉኛል ብለውም ሳያስቡ አልቀሩም።

በማግስቱ ድርሰቱን ራሳቸው በሌላ ወረቀት አስተካክለው፣ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ሴቶቹ ወደሚከትፉበት ምድር ቤት ወረዱ። በጎመን ሰሞን ሲወርዱ ያኔ ገና አየኋቸው።

«እናቶቼ» አሉ፣ «እስቲ ለአንድ አፍታ በዚህ ዓይነት ዝፈኑልኝ። ግላፊራ የትኛው እንደሚያምር በጆሮዋ ትስማው።»

«ምነው ጌታው፣ ጎመኑም ጀርመንኛ ይማር?» አለች ጎረቤታቸው ኡስቲኒያ። የገንዳው ዙሪያ በሳቅ ተናጋ።

ቢሆንም እምቢ አላሏቸውም። መምህራችን መስመር በመስመር እያዜሙ አስጠኗቸው፤ ጆሮ ያላቸው ሴቶች ናቸውና ብዙም አላስቸገሩ። ከዚያ ዘፈኑት። ያምር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መሰለኝ። የመምህራችን ፊት በራ፣ እጃቸውን አንስተው ይመሩ ጀመር። ድንገት እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ለምን አቆማችሁ?»

«እንዴ፣ እየዘፈንን!» አለች ኡስቲኒያ።

«መክተፉን ነው የምለው።»

ሴቶቹ ወደ እጃቸው ተመለከቱ። ሁሉም መክተፊያቸውን ሽቅብ ይዘው አንዷ የሌላዋን አፍ እያየች ቆመዋል። ከገንዳው ውስጥ አንዲት ቅጠል አልተቆረጠችም።

«በዚህኛው እጅ አይሄድም» አሉ ፔላጌያ ሳቭሽና ግንባራቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ። «እኔ ስወርድ እሷ ትወጣለች፤ እጄ ማንን ይከተል? አንተ ሰው፣ በዚህ ከቀጠልን ክረምቱን የምንበላው ዘፈን ነው።»

ኒካኖር ፕላቶኒች የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጡ። «እስቲ የናንተውን» አሉ።

ዘፈኑ። መክተፊያዎቹ አብረው ወደቁ፣ አብረው ተነሱ፤ ወለሉ ከሥራችን ይንቀጠቀጥ ነበር። መምህራችን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከገንዳው ጥግ አንድ የጎመን ግንድ አንስተው እንደ ልጅ ገመጡት፣ አላምጠውም ዋጡት።

«ፔላጌያ፣ ጥቁር ዳቦ አምጪልኝ።»

«አሁን ርቦህ ነው?»

«እርሳስ ላጠፋበት ነው።»

የዳቦውን ልብ በጣታቸው እያድቦለቦሉ የግላፊራን ወረቀት ፈተጉት። ቀይ እርሳስ መቼ ሙሉ በሙሉ ይለቃል፤ ሮዝ እድፍ ሆኖ ቀረ። ሁለት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«እነዚህ ይቆያሉ። እነዚህን ሴቶቹ አልዘፈኗቸውም፤ የራስሽ ስንፍና ናቸው።»

ግላፊራ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ ቀላ። ሁለቱን እዚያው በርሜሉ ላይ አረመች፤ እሳቸውም ፈረሙላት።

ኋላ ስመ ጥር አልሆነችም። ያሮስላቭል ውስጥ ልጆች እያስተማረች፣ መዘምራን እየመራች ትኖራለች፤ ስንገናኝ ስቃ የምታወራ ሴት ናት። በዚያ ዓመት ለገና በበረዶ ሸርተቴ ተሳፍራ ስትመጣ ግን ትምህርት ቤቱ ተቀብሏት ነበር። የሻይ ማፍያውን ሳሞቫር ከበን ተቀምጠን የሆነውን ነገረችን።

«አንደኛው ፈታኝ ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግቶ፣ ይህ ሮዝ እድፍ ምንድን ነው አለኝ። መምህሬ ሐሳባቸውን የቀየሩበት ቦታ ነው አልኩት።»

«ውይ አንቺ ልጅ!» አሉ ፔላጌያ ሳቭሽና። «እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀ። ከዚያ እንደገና ተጫወቺው አለኝ።»

ኒካኖር ፕላቶኒች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ጢማቸውን አሻሹ።

«ሁለተኛውን ጊዜ» አሉ፣ «በደስታ ብዛት አላፈጠንሽውም?»

«አላፈጠንኩትም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ።