በዳዊት መሃል የደረቀ አበባ

ደብረ ብርሃን የማስተምራቸው ልጆች ዛሬ አበባ በመጽሐፍ መሃል ሲያደርቁ፣ አንዷ ጥሩምባ የሚመስለውን ነጭ የአስተናግር አበባ ይዛ መጣች። ክርፋቱ አፍንጫዬን ሲመታው አንኮበር፣ የአባባ ደጃፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ያኔ ልጅ ሳለሁ መምህራችን "አበባ ቀጥፋችሁ ከባድ መጽሐፍ ውስጥ አድርቁ" አሉን። አባባ ቄስ ናቸው፤ ከቤታችን ከባዱ መጽሐፍ ዳዊታቸው ነው። ተደብቄ አስተናግሬን መሃሉ ከተትኩ። በማግስቱ መምህራችን፣ አስተናግር መርዝ ነውና የነካችሁበትን እጅ አፋችሁ እንዳታደርሱ አሉን። አባባ ገጽ የሚገልጡት አውራ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ነው!

ቤት ሮጬ ስደርስ ዳዊት ይደግማሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ደግሞ አይቋረጥም። አንድ ገጽ ገለጡ፤ ጣታቸውን አራሱ። ሌላ ገለጡ። ጣታቸው አበባው ላይ አርፎ ወደ አፋቸው ሲመለስ ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ።

ጥፊ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን አበባውን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ቀመስሽው?"

"አልቀመስኩም፣ አባባ።"

"ወንድሜም ለትምህርት ብሎ ነው የነካው" አሉ።

አልገባኝም ነበር። የቆሎ ተማሪዎች አስተናግርን ትምህርት እንዲገባቸው ብለው እንደሚጠጡት፣ አጎቴም ጠበል ቦታ ብቻውን ሲያወራ የሚውለው በዚያ ጦስ መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው።

ዛሬ ልጅቷ አበባውን መጽሐፏ ውስጥ አስቀምጣ ገጹን ልትገልጥ አውራ ጣቷን ወደ አፏ ሰደደች። እጇን ለቀም አደረግኩት።

"ቀመስሽው?" ስላት የወጣው የአባባ ድምፅ ነበር።